የኮምፒዩተሩ ወጌሻ

አሮጌ ኮምፒዩተር ባለበት ቤት ሁሉ «እሱ እኔን ነው የሚያውቀኝ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። መሥሪያ ቤት ግቡ፣ ክሊኒክ ግቡ፣ ጎማ መጠገኛ ግቡ፤ ጥግ ላይ ወደ ቢጫነት የዞረ ሳጥን ካያችሁ፣ አጠገቡ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጆሮውን ወደ ሳጥኑ ያዘነበለ ሰው አለ። ሳጥኑ ሲገዛ ነጭ ነበር። ሰውየውም ሲቀጠር ጤነኛ ነበር ይባላል።

የእኛው ሰው ክቡር ጋሽ ወጌሻ ናቸው። እኔ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ደብዳቤ አርቃቂ ነኝ። እሳቸው ከእኔ በስተግራ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ የቀድሞ ተማሪዎችን ውጤት የያዘውን ኮምፒዩተር ይዘው ይቀመጣሉ። ይዘው ስል የምሬን ነው፤ አንድ እጃቸው ሁልጊዜ ሳጥኑ ላይ ነው። ትክክለኛ ስማቸው በሠራተኞች ዝርዝር ላይ አለ፣ ግን ማንም ጠርቷቸው አያውቅም። ወጌሻ ያልናቸው እጃቸውን አይተን ነው። ወለም ያለ ሶኬት ያሻሉ፣ የተጣመመ ሽቦ በአውራ ጣታቸው ያቃናሉ፣ ሲጨርሱም «በል አሁን ቀስ ብለህ ርገጥ» ብለው ይለቁታል።

ያን ኮምፒዩተር መክፈት የአንድ ጣት ሥራ እንዳይመስላችሁ። ማብሪያው ወደ ውስጥ ከሰመጠ ዓመታት ስላለፉት በሹራብ መሥሪያ ይወጋል። ቀጥሎ ማራገቢያው ብቻውን መነሳት ስለተወ፣ በጎን በተከፈተችው ቀዳዳ እርሳስ ይገባና አንዴ ይሽከረከራል። ከዚያ ስክሪኑ ሮዝ ሆኖ ይመጣል። ሮዙ እንዲጠፋ ግራ ጉንጩን በመዳፍ፣ ሳይቆጡ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ለምን ቀኙን አይመቱትም?» ብዬ ብጠይቃቸው በሐዘኔታ አዩኝ።

«ቀኙን ያመዋል» አሉኝ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የእኛ ኮምፒዩተር እስኪከፈት እንቁላሉ ሄዶ፣ ጎልምሶ፣ ልጆቹን ድሮ ኩሎ ይመለሳል። ሲከፈት ደግሞ ዘመኑን አያውቅም። የሰዓቱ ባትሪ ስለሞተ በየጠዋቱ ዛሬ የተገዛ ይመስለዋል። ጋሽ ወጌሻ ይህን እንደ ብልሽት ቆጥረውት አያውቁም። «እንደምን አደርክ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው» ይሉትና ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን አንድ በአንድ ያስገቡለታል። የረሱ ቀን ግን ጉድ ይፈላል። ገና ፊደል ሳይቆጥር በቧንቧ ሥራ በማዕረግ እንደተመረቀ የሚገልጽ ማስረጃ ከእኛ የወሰደ ሰው አለ።

ኪቦርዱ ላይ አንዲት ፊደል የለችም። በቦታዋ ከጋሽ ወጌሻ ሸሚዝ እጅጌ የተፈታ ቁልፍ ተለጥፏል፤ ስለዚህ እሳቸው ግራ እጅጌያቸው ክፍት ሆኖ ይኖራሉ። ማውሱ ሆድ ውስጥ የነበረችው ኳስ ከጠፋች በኋላ ደግሞ ብይ ተተክታለች። ብይዋ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ ወደ ላይ ትሄዳለች፣ ወደ ታችም ከለመኗት ትሄዳለች። ወደ ግራ ግን ወይ ፍንክች። ወደ ግራ ጉዳይ ያላቸው ጊዜ ጋሽ ወጌሻ ማውሱን በጀርባው ያስተኙትና ብይዋን በትንሿ ጣታቸው ይገፏታል። ይህን ሲያደርጉ ምላሳቸው በከንፈራቸው ጥግ ብቅ ይላል።

በሩ ጠንከር ተደርጎ በተዘጋ ቁጥር የሲዲ ማስገቢያው ተስፈንጥሮ ይወጣል። «እጁን ዘረጋልህ እኮ፤ ሰላም በለው እንጂ!» ይሉታል እንግዳውን። ዳይሬክተራችን አንድ ቀን ስልክ እያወሩ ገብተው፣ በሩን ከኋላቸው ገፋ አድርገው፣ የተዘረጋውን ነገር ሳያስቡት ጨበጡት። ጋሽ ወጌሻ ያን ቀን እንደ ሠርግ ቤት ሰው ሲስቁ ዋሉ።

ድምፅ ማጉያዎቹማ ለብቻቸው ናቸው። ሞባይል ሊጠራ ሲል ቀድመው «ጥዝ፣ ጥዝ፣ ጥዝዝዝ» ይላሉ። የድሮ ድምፅ ማጉያ የስልክ ሞገድ እንደሚለቅም የታወቀ ነው፤ ለጋሽ ወጌሻ ግን ትንቢት ነው። «ልጄ፣ ሊደወልልሽ ነው» ይሏታል ጸሐፊያችንን፤ ወዲያው ይደወላል። እሷ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። አሁን ስልኳን ትታ ሳጥኑን ነው የምትጠብቀው፤ እጮኛዋ ዘግይቶ ከደወለም የምትቆጣው ጋሽ ወጌሻን ነው።

ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር ሰው ከመጣ ጋሽ ወጌሻ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ይነሳሉ። «ቀስ በል ወንድሜ፤ ሆደ ባሻ ነው» ይላሉ። አይሳቅባቸውም፤ ምክንያቱም እውነት ነው። ሁለት ሰው ሲጨቃጨቅ ኮምፒዩተሩ ቀጥ ይላል። እኔ ራሴ አራት ጊዜ ቆጥሬያለሁ፤ ከአራቱ ሦስቱ የእኔ ጭቅጭቆች ነበሩ።

ደግሞ ይጋባል። የአይቲ ባለሙያዋ፣ ትዕግሥቷ የማያልቅ ልጅ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት አዲስ ኮምፒዩተር አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠችለት። አሳቧ የአሮጌውን ዕቃ ሁሉ ወደ አዲሱ ለመገልበጥ ነበር። ጋሽ ወጌሻ «እሱ ገና ፈቃደኛ አይደለም» አሏት። ነገሩን የሚያይ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴው አንዴ ተሰብስቦ ሰብሳቢ መረጠና ተበተነ። አዲሱ ግን እዚያው ቀረ፣ በሁለተኛው ወርም ያፏጭ ጀመር። ከአህያ ጋር ስለዋለችው ጊደር የሚባለውን የምታውቁ ጨርሱት።

እኔ እንግዲህ ጸጥታ የምወድ፣ በዚያ ላይም ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ። ለስድስት ዓመት ጆሮዬ ሥር ያ ማራገቢያ ሲያጓራ ኖሬያለሁ። አንድ ሳምንት ጋሽ ወጌሻ የእህታቸውን ልጅ ሊድሩ ሄደው ነበርና አንድ ማስረጃ በአስቸኳይ ተፈለገ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያደርጉት አይቻለሁ፤ ምን ይከብዳል ብዬ ተነሳሁ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ወጋሁ፣ አሽከረከርኩ፣ ግራ ጉንጩን በመዳፌ መታሁ። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ፤ ቀጥሎ በመሃሉ አንድ ነጭ መስመር ብቻ ቀረ፤ ቀጥሎ ሦስት ጊዜ ረዘም አድርጎ ጮኸ። ጋሽ ወጌሻ ሰኞ ሲመለሱ እጃቸውን ሳጥኑ ላይ አደረጉ።

«ማነው የመታው?»

«እኔ እንጃ» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«በንዴት ነው የተመታው» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። «ያውቃል እኮ።»

በዚያው ሳምንት ደብዳቤውን ጻፍኩት። ለንብረት ክፍል ነው። ኮምፒዩተሩ እንዲወገድ፣ ጋሽ ወጌሻም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንዲዛወሩ የሚጠይቅ፣ ያማረ ደብዳቤ ነበር፤ ሙያዬ ነውና። ለማንም አልነገርኩም። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፤ ሐሙስ ጠዋት መጥተው ሊወስዱት ነው፤ ዝውውሩ ግን የንብረት ክፍል ጉዳይ አይደለም ተብሏል። በውስጡ ያለው ውጤትስ ሲባል ኮሚቴው ያየዋል ተባለ። ክፍሉ በሙሉ አዘነ። እኔም አብሬ አዘንኩ፤ ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ ጭምር።

ሐሙስ ከመንጋቱ የአይቲ ባለሙያዋ ከሁላችን ቀድማ ገባች። ዕቃው ሲሄድ እንኳ ጸድቶ ይሂድ ብላ ነው፤ ልቧ ደግ ነው። አቧራውን ነፋች። ኬብሎቹን ሰብስባ በክር አሠረች። ጠረጴዛው በአንድ በኩል ዘንበል ብሎ ስታየው ከእግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን አገኘች፤ ካርቶኑን አውጥታ ጣለችና ጠረጴዛውን ልክ አደረገችው። ቆሻሻው ወዲያው ተወሰደ። ጋሽ ወጌሻ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲገቡ አበባ የመሰለ ንጹሕ ጠረጴዛ ጠበቃቸው። ለመሰናበት ብቻ ነበር የመጡት፤ አልከፈቱትም። ወንበራቸውን ስበው አጠገቡ ተቀመጡና መስኮቱን ያዩ ጀመር።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት በያጅ ገባች።

በያጅ መሆኗን ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ክንዷ ላይ የእሳት ብልጭታ የተወው ነጠብጣብ ነበር፤ የብየዳ ጭንብሏንም በብብቷ ይዛለች። ከሥራ ቦታ በቀጥታ እየሮጠች መጥታለች።

«የውጤት ማስረጃ ፈልጌ ነው» አለች። «የተመረቅኩት የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት ነው። ስምንት ዓመት በቀን ሠራተኝነት ስበይድ ቆይቼ፣ አሁን አንድ ፋብሪካ በቋሚነት ሊቀጥረኝ ነው። የነበረኝ ወረቀት ቤት ስቀይር ጠፋብኝ። ዛሬ ስድስት ሰዓት ድረስ ካላመጣሽ ለተጠባባቂው እንሰጠዋለን ብለውኛል። እባካችሁ።»

የጥንቱ መዝገብ ቧንቧ ፈንድቶ ከበሰበሰ ቆይቷል። የእሷ ውጤት ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከመስኮቱ ሥር። ሁላችንም ወደ ጋሽ ወጌሻ ዞርን። እሳቸው ግን ተነስተው ነበር፤ መነጽራቸው ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው ወርዷል።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉ። «እኔን ነው የሚያውቀኝ።»

ወጉት። እርሳሱን አሽከረከሩ። ምንም የለም። እንደገና ወጉት። ሮዝ እንኳ አልመጣም። ሳጥኑ ድምፁን አጥፍቶ ተቀመጠ፤ ለስድስት ዓመት የለመንኩት ጸጥታ መጣ፣ በዚያች ደቂቃ ግን የሚያስጠላ ነገር ነበር። ጋሽ ወጌሻ ጆሯቸውን ለጠፉበት፣ ዳሰሱት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሸሸት ብለው ጠረጴዛውን ከሩቅ አዩት። ፊታቸው ተለወጠ።

«ማነው ያስተካከለው?»

«እኔ ነኝ» አለች የአይቲ ባለሙያዋ። «ጠረጴዛው ተንጋዶ ነበርና…»

«ተንጋዶ አይደለም ልጄ። እሱ በጎኑ ነው የሚሠራው።»

በያጇ ጭንብሏን አስቀምጣ በጎኑ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አየች። የባለሙያ ዓይን ነው፤ ጊዜ አልወሰደባትም። «ይሄውላችሁ፣ እዚህ ጋ ብየዳው ተሰንጥቋል። ዘንበል ሲል ነው የሚገናኘው» አለች። የአይቲ ባለሙያዋ ልትበይጂው አትችይም ወይ አለቻት። «በእኔ መሣሪያ ከነካሁት ቤቱን ጭምር ነው የምበይደው» አለች በያጇ፣ በጭንቋ መሃል ሳቅ አምልጧት።

እንግዲህ ካርቶኑ የለም። የካርቶኑን ውፍረት ፍለጋ ክፍሉ ተተራመሰ። የእኔ መዝገበ ቃላት ወፈረ፤ ሳጥኑ ሊገለበጥ ደረሰ። የጸሐፊያችን የእጅ መስተዋት ቀጠነ፤ ደግሞም ተሰነጠቀ። የጋሽ ወጌሻ ጫማ ልክ ነበር፣ ግን ሶሉ እየተጨመቀ ዝቅ ይላል። እኔ ሥራዬ ሰዓት መናገር ሆነ። «አምስት ከአሥር» አልኩ።

በዚህ መሃል የንብረት ክፍሉ ሹም ባዶ ጋሪ እየገፋ ገባ። ደንብ ወዳድ ሰው ነው፤ ቆሞ እንኳ ሲያነብ ተሰልፎ ነው የሚመስለው። በብብቱ የማስወገጃ ቅጾች የታጨቁበት ወፍራም ፋይል ይዟል።

«አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር። የቱ ነው?» አለ።

ጋሽ ወጌሻ ሰውየውን አላዩትም፤ ፋይሉን ነው ያዩት። በሁለት ጣታቸው ውፍረቱን ለኩ፤ ፊታቸው በራ።

«ወንድሜ፣ ይህችን ለአንድ ደቂቃ ያውሱኝ።»

ሹሙ ሰጣቸው፤ ሳይሰጣቸው በፊት ምን እንደሚሰጥ ቢያስብ ኖሮ አይሰጥም ነበር። ፋይሉ ከጠረጴዛው እግር ሥር ገባ። ወጉት። እርሳሱ ዞረ። ሳጥኑ አንዴ አስነጠሰ፣ ሁለቴ አጓራ፣ ስክሪኑም ሮዝ ሆኖ ብቅ አለ። ጸሐፊያችን እልል አለች። በእልልታዋ ስክሪኑ ጠፋ።

«ቀስ! ሆደ ባሻ ነው አልኳችሁ!»

ሁለተኛውን ጊዜ በዝምታ አደረግነው። ያን ቀን ያየሁትን ዓይነት ሥራ አሠራር በየትኛውም ሥልጠና ላይ አላየሁም። ጸሐፊያችን በሩ ንፋስ እንዳይመታው በጀርባዋ ተደግፋ ቆመች። የአይቲ ባለሙያዋ፣ ሁለት ዲግሪ ያላት ልጅ፣ ማራገቢያው በቆመ ቁጥር በእርሳስ የምታስነሳ ሆና ተንበረከከች። በያጇ የተሰነጠቀውን ቦታ በእንጨት ማስመሪያ ጫን አድርጋ ያዘች። ኬብሎቹ በክር ከታሠሩ ወዲህ የመብራቱ ገመድ እየላላ ስላስቸገረ፣ አንድ ሰው በትከሻው ልክ ከፍ አድርጎ መያዝ ነበረበት።

«ይህችን ያዙልኝ ወንድሜ» አሉት ጋሽ ወጌሻ ሹሙን።

«እኔ የመጣሁት ላስወግደው ነው» አለ ሹሙ፣ ገመዱን እየያዘ።

«እናስወግደዋለን። ቀጥ አርገው ያዙት ብቻ።»

«መፈረም አለብኝ።»

«ቅጹ የት አለ?»

ሹሙ ወደ ጠረጴዛው እግር አየ። ቅጹ እዚያ ነው። ወደ እጁ አየ። እጁ ገመዱ ላይ ነው። አፉን ከፈተ፣ የበያጇን ፊት አየ፣ አፉን መልሶ ዘጋ። ከዚያ በኋላ ክንዱን ዝቅ ሊያደርግ እንኳ አልሞከረም።

«አምስት ሰዓት ከሩብ» አልኩ።

ጋሽ ወጌሻ በያጇን በስሟ ፈለጓት። ስሟ ውስጥ ያች የሸሚዝ ቁልፍ የተለጠፈባት ፊደል ሁለት ጊዜ ነበረች፤ ሁለቱንም ጊዜ በጥንቃቄ ተጫኗት። ዝርዝሩ መጣ። ስሟ በስተግራ ነው፤ ብይዋን በትንሿ ጣታቸው ገፏት። ሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር «ቋ፣ ቋ» አለ፣ ዝም አለ፣ እንደገና «ቋ» አለ። በያጇ ማስመሪያውን የያዘችበት እጅ ንቅንቅ አላለም። ሌላኛው እጇ ግን፣ ወደ ታች የለቀቀችው፣ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሽ ወጌሻ ያን እጅ አዩት። እኔም ሲያዩት አየሁ።

ከዚያ ውጤቷ ወጣ። በሁሉም ትምህርት አንደኛ ደረጃ፤ በቴክኒክ ስዕል ብቻ ሁለተኛ። «ያ መምህር ጠልቶኝ ነው» አለች፣ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላም ሳትተወው።

የክፍሉ ሁሉ ጽሑፍ የሚወጣው ከዚያው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ከተቀመጠው ባለ መርፌ ፕሪንተር ነው። መስመር በመስመር ጥርሱን እያፋጨ ይጽፋል። አምስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ነከሰ። ጋሽ ወጌሻ የፊት ክዳኑን ከፍተው፣ ጥርሱን በጥፍራቸው ወደ ኋላ አዙረው፣ ወረቀቱን ሳይጨማደድ አወጡትና መልሰው አስገቡት። ማስረጃው ወጣ። ሁላችንም ተንፈስ አልን። ጸሐፊያችን ወረቀቱን ብታየው የተሰጠበት ቀን በያጇ ትምህርት ቤት ከመግባቷ አምስት ዓመት በፊት ነበር።

የመጡት ለመሰናበት ብቻ ስለነበር ቀኑን መንገር ረስተዋል። ጋሽ ወጌሻ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ፤ ግራውን ነው። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው» አሉት ኮምፒዩተሩን። ቀኑን አስገቡ፣ እንደገና አተሙ፤ እንደገና ነከሰ፣ እንደገና አወጡት። ማኅተም ተመታ። አምስት ሰዓት ከአርባ አምስት ነበር። በያጇ የጸሐፊያችንን ስልክ ቁጥር ተቀብላ፣ ወረቀቱን በደረቷ ይዛ ወጣች። ጭንብሏን እዚሁ ረስታዋለች።

ከዚያ ጠበቅን። ሥራ አለን፣ የመሥራት ልብ ግን የለንም። ማንም ቦታውን አልለቀቀም፤ ሹሙም ገመዱን እንደያዘ ነው፤ ልቀቅ ያለው ሰው የለም። ስድስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ከሦስት ሆነ። ድምፅ ማጉያዎቹ «ጥዝ» አሉ። ጸሐፊያችን ከበሩ ተወርውራ ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ ነጠቀች፤ ገና አልጮኸም። «ጥዝ፣ ጥዝዝዝ።» አሁን ጮኸ።

«ደርሻለሁ!» የሚለው ድምፅ በሩ ጋ ሳይቀር ተሰማ። «ተቀብለውኛል! ከሰኞ ጀምሮ ቋሚ ነኝ! ኧረ ጭንብሌን!»

ምን እንደተፈጠረ በወጉ ልነግራችሁ አልችልም። ጸሐፊያችን የአይቲ ባለሙያዋን አቀፈች፤ በሩ በንፋስ ተመታ፤ ሲዲ ማስገቢያው ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ሹሙ፣ ያ ደንብ ወዳድ ሰው፣ በነጻ እጁ ጨበጠው። ጋሽ ወጌሻ ወንበራቸው ላይ ዘፍ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ዓይኔ በተደጋጋሚ ወደ ጠረጴዛው እግር ይሄድ ነበር። ከፋይሉ ላይ፣ በመጀመሪያው ገጽ፣ የደብዳቤዬ ፊርማ ጭራ ብቅ ብሎ ይታያል።

ሹሙ ገመዱን ወንበር ጀርባ ላይ አንጠለጠለና ልብሱን አስተካከለ። «ፋይሌን» አለ።

«ካወጣነው ይሞታል» አሉ ጋሽ ወጌሻ።

ሹሙ ብዙ አሰበ። «በደንቡ መሠረት» አለ በመጨረሻ፣ «በአገልግሎት ላይ ያለ ዕቃ አይወገድም። ፋይሉ ደግሞ በአሁኑ ሰዓት አገልግሎት እየሰጠ ነው።» ባዶ ጋሪውን እየገፋ ወጣ።

እሱ እንደወጣ ጋሽ ወጌሻ ወደ አይቲ ባለሙያዋ ዞሩ። «በይ ልጄ፣ ዛሬውኑ ሁሉንም ወዳንቺው እንገልብጠው። ኮሚቴው ይቅርብን።»

ልጅቷ የሰማችውን አላመነችም። «ሁለት ዓመት ሙሉ ፈቃደኛ አይደለም ሲሉኝ ነበር እኮ!»

«ፈቃደኛ ያልነበርኩስ እኔ ነኝ። ሁሉ ወዳንቺ ከሄደ እኔን ማን ይፈልገኛል ብዬ ነው።» ድምፃቸው ቀነሰ። «የዚያችን ልጅ እጅ አየሁት። በእኔ ምክንያት ደግሞ ሌላ ሰው እንዲያ ቆሞ መንቀጥቀጥ የለበትም።»

አሮጌውና አዲሱ በሽቦ ተገናኙ። የአይቲ ባለሙያዋ እስከ ሥራ መውጫ ድረስ ይፈጃል አለች። ማስመሪያውን ጸሐፊያችን ያዘች። የመብራቱን ገመድ የሚይዝ ሰው ግን ያስፈልጋል፤ ሹሙ ሄዷል። ጋሽ ወጌሻ ገመዱን ከወንበሩ አንስተው ወደ እኔ ዘረጉት።

«ያዝልኝ።»

ያዝኩት። ከትከሻዬ ልክ ከፍ አድርጌ፣ ከፊርማዬ ራስጌ ቆምኩ። አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ እንዲወገድ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ከየት አወቁ?»

«እዚሁ አይደል እንዴ ያተምከው? መሃሉ ላይ ሲደርስ ነከሰው። አንተ ምሳ ወጥተህ ነበር። እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

ያን ቀን ከምሳ ስመለስ ደብዳቤው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። አንዲት እጥፋት አልነበረችበትም። ሌላ ሰው እንዳያነበው ተገልብጦ፣ ንፋስ እንዳይወስደው የእሳቸው የመነጽር ቤት ተጭኖበት ነበር። እኔ ፕሪንተሩ ለአንድ ቀን እንኳ ሰው ሆነ ብዬ ነበር የተደሰትኩት።

«አነበቡት?»

«ሲያወጡት እኮ ዓይን ውስጥ ይገባል።»

«ታዲያ ለምን አልቀደዱትም?»

«የሰው ሥራ ይቀደዳል እንዴ?» አሉ፣ ከልባቸው ተገርመው። ደግሞም «‹ጊዜው ያለፈበት› የሚለውን ግን ሁለት ጊዜ ጽፈኸዋል። አንዴ ለእሱ፣ አንዴ ለእኔ። አንደኛውን ብታወጣው ደብዳቤው ያምር ነበር» አሉኝ።

የትኛውን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ገመዱን ስለያዝኩ እንጂ። ለስድስት ዓመት ከዚህ ሰው ጎን ተቀምጬ የሰማሁት ማራገቢያውን ብቻ ነበር። እወዳቸዋለሁ፤ ይህን ለመጻፍ እንኳ ያን ያህል ዓመት ወሰደብኝ።

አሥር ሰዓት ገደማ ቀና ብለው አዩኝ። «ክንድህ ከደከመህ ስጠኝ፤ ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

«አልደከመኝም ጋሼ» አልኳቸው።

ውሸቴን ነበር፤ ትከሻዬ ሊገነጠል ደርሶ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻው ተማሪ ስም እስኪገለበጥ ድረስ ግን አልለቀቅኩትም።